የሥራ ቡድናችሁ በምን ይግባባ? ከግድግዳ ሰሌዳ እስከ ስላክ፣ ለትንሽ ቢሮ የሚሆን ንጽጽር

ጨረታው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዋጋውን ረቡዕ ማታ ቀየርን። ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ዋጋ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በቮይስ ላከ። ቮይሱ 2 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ዋጋው የሚጠራው መጨረሻው አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የአንዷ ባልደረባችን ልጅ ክርስትና ስለነበር "እንኳን ደስ አለሽ" ጎረፈበት። ጠዋት ጸሐፊዋ ግሩፑን ከፈተች። ፒን የተደረገውን ፋይል አወረደች፣ አተመች፣ ማኅተም አስመታች፣ ኦርጅናልና ኮፒውን ለየብቻ አሸገች። ፋይሉ የሰኞው ነበር። ያወቅነው ፖስታው ተከፍቶ ዋጋችን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው።

የዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ የተባለውን አልረሳውም። ሁሉም "እኔ እኮ ተናግሬያለሁ" አለ። እውነት ነው፣ ሁሉም ተናግሯል። 14 ሰዎች ነበርን። ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ለቅሶ አብረን እንደርሳለን። መዋደድ አልጎደለንም። የመጨረሻው ውሳኔ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚይዘው ግን አናውቅም ነበር።

የእድርን አሠራር ተመልከቱ። ሌሊት 9 ሰዓት ሰው ቢያርፍ የማን በር እንደሚንኳኳ ይታወቃል። ድንኳኑ የት እንዳለ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚያወጣ ይታወቃል። ያንን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ቢሮ ሲገቡ "ይሄን ማን ነበር የያዘው?" ሲባባሉ የሚውሉት። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሰዎቹ ጠባይ አይደለም። የሚግባቡበት መንገድ ለሥራ አልተበጀም።

ይህን ንጽጽር የጻፍኩት ከ5 እስከ 30 ሰው ላለው ቢሮ፣ ሱቅ፣ ወርክሾፕ ወይም ማኅበር ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

"የቱ አፕ ይሻላል?" ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ያዙ።

የመጀመሪያው፣ ውሳኔው ከ3 ወር በኋላ ይገኛል ወይ? ዛሬ የተስማማችሁበትን የማስረከቢያ ቀን ነገ ሁሉም ያስታውሰዋል። ደንበኛው ከ3 ወር በኋላ ሲከራከር ግን አንድ ሰው በ1 ደቂቃ ውስጥ አውጥቶ ማሳየት አለበት።

ሁለተኛው፣ ሥራው በማን ስም ነው? አማርኛችን እዚህ ላይ ማምለጫ ይሰጠናል። "ይታያል"፣ "ይሠራል"፣ "እናደርገዋለን" እንላለን። ማን ነው የሚያየው? ማን ነው የሚሠራው? ጥሩ መሣሪያ አንድ ስምና አንድ ቀን ሳይጻፍበት የማያልፍ ነው። ከስድስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው፣ ኔትወርክ ወይም መብራት ሲጠፋ ምን ይቀራችኋል? ይሄ ለእኛ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር።

አራተኛው ክፍያ ነው። ስንት ነው ከማለት በፊት በምን ይከፈላል በሉ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በሰው ቁጥር፣ በየወሩ፣ በዶላር ያስከፍላሉ። በሰው 5 ዶላር ብንል እንኳ 20 ሰው ማለት በወር 100 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በብር የሚሸጥ ድርጅት እንዲህ ያለውን ወጪ አስቀድሞ ማስላት ይከብደዋል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አምስተኛው፣ ሰው ሲለቅ ፋይሉና የደንበኛው ንግግር ማን ጋ ይቀራል?

የመጨረሻው ከሁሉም ይረሳል። ከቢሮው ሁሉ ከስልክ የሚርቀውን ሰው አስቡ፤ እሱ ይከፍተዋል ወይ? እኛ ጋ "ጋሼ" የምንላቸው የስቶር ኃላፊ ነበሩ። ምን ስንት እንዳለ በቃላቸው ያውቃሉ። ጋሼ የማይከፍቱት አፕ ላይ ስለ ዕቃ ስናወራ ብንውል፣ ዋናው አዋቂ በሌለበት ነበር የምናወራው።

የግድግዳ ሰሌዳና የጠዋት ቁም ስብሰባ

ከዚህ የምጀምረው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከሞከርናቸው ሁሉ ቶሎ የሠራልን ይሄ ነው።

ነጭ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አራት ዓምድ ይሰመርበታል፦ የሚሠራ፣ እየተሠራ ያለ፣ የቆመ፣ ያለቀ። እያንዳንዱ ሥራ በትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ይጻፋል፤ ስምና ቀን ይኖረዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሰሌዳው ፊት ይቆማል። ወንበር የለም። እያንዳንዱ ሰው ትናንት የጨረሰውን፣ ዛሬ የሚይዘውንና የያዘውን እንቅፋት ይናገራል። 15 ደቂቃ ሲሞላ ያበቃል።

"የቆመ" የሚለውን ዓምድ አትተዉት። የሰሌዳው ልብ እሱ ነው። ሥራው ለምን እንደቆመ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፦ "ፕሮፎርማ አልመጣም"፣ "ፊርማ ይጠብቃል"። የአለቃውን ፊርማ የሚጠብቁ ሦስት ወረቀቶች አንድ ላይ ሲታዩ ማንም መናገር ሳያስፈልገው አለቃው እስክሪብቶ ያወጣል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጋሼ ሰሌዳው አጠገብ ቆመው ነበር። አንዱ ወረቀት አጠገብ በማርከር "ቀለም 12 ባልዲ" ተብሎ ተጽፏል። ምንም ሳይናገሩ 12ን በአውራ ጣታቸው አጠፉና 7 ጻፉ። 5ቱ ቅዳሜ ለሌላ ሳይት ወጥቷል። ያን ያህል ጊዜ በግሩፕ ስንጻጻፍ አንድም ቀን ቃል አልጻፉም ነበር።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ቶዮታ ፋብሪካው ውስጥ ሥራን በካርድ መከታተል የጀመረበት ካንባን የሚባለው ዘዴ ዘመድ ነው። እኛም አገር የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ከተቋቋመ ወዲህ በካይዘን ሥልጠና ያለፈ ሰው ሰሌዳውን አይቶ ያውቀዋል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ሳይት ያለ ሰው አያየውም። ያለፈው ወር ውሳኔ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማታ 11 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ ይልካል። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ግን በስም ይታወቅ፤ "አንዳችን እናነሳለን" ከተባለ ማንም አያነሳም።

ቴሌግራም

አብዛኛው የአገራችን ቢሮ ያለው እዚህ ነው። ምክንያቱም አለ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አለው። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነፃ ይላክበታል። ንግግሩና ፋይሉ የሚቀመጠው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ስልክ ቢጠፋም አይጠፋም፤ ስልኩ ቢዘጋም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አዲስ የተቀጠረ ሰው፣ ግሩፑ ከተፈቀደለት፣ የቀድሞውን ንግግር ከላይ ጀምሮ ማንበብ ይችላል።

ችግሩ ሁሉም ነገር አንድ ወንዝ ውስጥ መፍሰሱ ነው። ትዕዛዝ፣ ደረሰኝ፣ የልደት ኬክ፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የባንክ ስሊፕ። ቮይስ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ዋጋ ወይም ቀን በድምፅ ከተነገረ በኋላ በፍለጋ አይገኝም፤ ማዳመጥ ግድ ነው። እኛን የጎዳን እሱ ነው።

ቴሌግራም ላይ ለመቆየት ከወሰናችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። የግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ "ቶፒክ" የሚለውን አብሩ፤ ግሩፑ በክፍል ይከፈላል። አንዱ ለውሳኔ፣ አንዱ ለትዕዛዝ፣ አንዱ ለሂሳብ፣ አንዱ ለወሬና ለደስታ ይሁን። ወሬውን አትከልክሉ፤ ቦታ ስጡት። ሁለተኛ፣ በቮይስ የተነገረ ውሳኔ በጽሑፍ አንድ መስመር ካልተከተለው እንዳልተነገረ ይቆጠር። "#ውሳኔ፦ የበሩ ዋጋ 48,000 ብር፣ ቫትን ጨምሮ፤ የሚያስተካክለው እገሌ፣ እስከ ሐሙስ 4 ሰዓት" እንደማለት ነው። #ውሳኔ ሲነካ ሁሉም ተሰብስቦ ይወጣል። ሦስተኛ፣ የግሩፑ ባለቤት የድርጅቱ ሲም ካርድ ይሁን፤ የአንድ ሠራተኛ የግል ቁጥር አይሁን።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። የቴሌግራም ግሩፕ ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሠጠረ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ሌላ የማያነበው) አይደለም። የደመወዝ ሰንጠረዥና የደንበኛ መታወቂያ ፎቶ እዚያ አይወርወር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይሄ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕግ ጉዳይም ሆኗል። በተጨማሪም ሠራተኛው ከደንበኛ ጋር በግል ቁጥሩ የተጻጻፈው ሁሉ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። ከግሩፕ ማስወጣት ይቻላል፤ ይሄኛውን ግን መመለስ አይቻልም።

ዋትስአፕ

ባጭሩ፣ ከውጭ ደንበኛ ወይም ከገልፍ አገርና ከአውሮፓ ሰው ጋር የምትሠሩ ከሆነ ያስፈልጋችኋል፤ እነሱ ያሉት እዚያ ነው። መልእክቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሠጠረ ነው። ለውስጥ ሥራ ግን አልመርጠውም። አዲስ ሰው ሲገባ ከእሱ በፊት የተባለው በራሱ አይታየውም፤ ፎቶና ቪዲዮው ደግሞ የሰውን ስልክ ይሞላል።

የጎግል ሰነዶች

ያንን ጨረታ የሚያድነው ይሄ ነበር። አንድ ፋይል አለ፤ ሁሉም የሚከፍተው ያንኑ ነው። "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ የታረመ"፣ "የመጨረሻ የመጨረሻ" የሚባል ነገር የለም። ማን ምን እንደቀየረና መቼ እንደቀየረ ታሪኩ ውስጥ ይታያል፤ ወደ ቀድሞው መመለስም ይቻላል። አስተያየት ጽፋችሁ ለአንድ ሰው በስም መመደብ ትችላላችሁ።

በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ይሄ ግን ኢሜይሉና ፎቶው የሚጋሩት ነው። ለጽሑፍና ለሂሳብ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ የሳይት ቪዲዮ ከጫናችሁበት ወዲያው ይሞላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ለመሥራት አስቀድማችሁ ክሮም ላይ ያለኔትወርክ መሥራትን ማብራት አለባችሁ። ኔትወርኩ ከሄደ በኋላ ማብራት አይቻልም።

አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፉ ፋይሎች ስታስገቡ ፊደሉ ይጠፋና የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ትርምስ ይሆናል። የድሮ ውሎችና ደብዳቤዎች ካሏችሁ ዋናውን አስቀምጡ፤ የሚሠራበትን በዩኒኮድ፣ ማለትም አሁን ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በሚያነበው የፊደል አሠራር፣ እንደገና አስጽፉ። አሰልቺ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ነው።

ባለቤትነቱን አትርሱ። ፋይሉ የተፈጠረው በአንድ ሠራተኛ የግል ጂሜይል ከሆነ ፋይሉ የእሱ ነው። በድርጅቱ ስም አንድ አድራሻ ክፈቱ፣ ዋና ፋይሎች ሁሉ በዚያ ይፈጠሩ፤ የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ይወቀው።

ትሬሎ

የግድግዳ ሰሌዳው ስልክ ውስጥ ሲገባ ማለት ነው። ዓምድ አለው፣ ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ የሰው ስም፣ ቀን፣ ፎቶና ፋይል ይለጠፋል። ጣት ጭኖ ካርዱን ከ"እየተሠራ ያለ" ወደ "ያለቀ" መጎተት ነው። በነፃ እስከ 10 ሰሌዳና እስከ 10 ሰው ድረስ ያስኬዳል።

"ሥራው በማን ስም ነው?" ለሚለው ጥያቄ ከአፖቹ ሁሉ የተሻለ መልስ ያለው እሱ ነው። የሚወድቀው ግን ሰው ካላየው ነው። እኛ ስንጀምር ሦስት ሰዎች ብቻ ይከፍቱት ነበር፤ በወሩ መጨረሻ ካርዱ ሌላ፣ ሥራው ሌላ ሆነ። መልሶ ያዳነው የጠዋቱ ስብሰባ ነው። ትሬሎውን በቴሌቪዥን ስክሪን ላይ ከፍተን፣ ቆመን፣ አንድ በአንድ ማለፍ ስንጀምር ካርዶቹ እውነቱን መናገር ጀመሩ። ስብሰባው ከሌለ ትሬሎ አትክፈቱ።

ስላክና ማይክሮሶፍት ቲምስ

ሁለቱም በደንብ የተሠሩ የቢሮ መሣሪያዎች ናቸው። ንግግር በርዕስ ይከፋፈላል፤ አካውንቱ የድርጅቱ ስለሆነ ሰው ሲለቅ አካውንቱ ይዘጋል፣ ሥራው ይቀራል። አምስተኛውን ጥያቄ ከሌሎቹ በተሻለ የሚመልሱት እነሱ ናቸው፤ ይህ ሙሉ በሙሉ የሚሆነው ግን ሲከፈልባቸው ነው።

ስላክን በነፃ ስትጠቀሙ የሚታያችሁ የ90 ቀን ንግግር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መመዘኛችንን መለስ ብላችሁ እዩት፤ ከ3 ወር በኋላ ማግኘት ነበር የፈለግነው። ልክ እዚያ ላይ ይቆማል። ቲምስ በነፃ የቡድን ስብሰባ እስከ 60 ደቂቃ ይፈቅዳል። የሚመረጠው ድርጅታችሁ ለዎርድና ለኤክሴል ማይክሮሶፍትን በክፍያ የሚጠቀም ከሆነ ነው፤ የሥራ ጥቅሉን ከገዛችሁ ቲምስ ውስጡ መኖሩን እዩ። ለቲምስ ብላችሁ ብቻ ግን አትግቡ፤ በደካማ ኮምፒውተር ላይ ይከብዳል።

ሁሉም በአንድ ላይ

| አማራጭ | ውሳኔ ይገኛል? | የሥራው ባለቤት ይታያል? | ኔትወርክ ሲጠፋ | ክፍያ | ሰው ሲለቅ | ጋሼ ይከፍቱታል? |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሰሌዳና የጠዋት ስብሰባ | ፎቶ ካልተነሳ አይገኝም | በጣም | ምንም አይሆንም | አንድ ጊዜ፣ በብር | ሰሌዳው ይቀራል | አዎ |
| ቴሌግራም | በ#ውሳኔ ከተጻፈ | ደካማ | ይቆማል | ነፃ | የግል ንግግሩ ይሄዳል | አዎ |
| ዋትስአፕ | ደካማ | ደካማ | ይቆማል | ነፃ | የግል ንግግሩ ይሄዳል | አዎ |
| የጎግል ሰነዶች | በጣም | መካከለኛ | አስቀድሞ ከተበራ ይሠራል | እስከ 15 ጊጋባይት ነፃ | በማን አድራሻ እንደተከፈተ ይወስናል | ሲለምዱት |
| ትሬሎ | ጥሩ | በጣም | ደካማ | እስከ 10 ሰው ነፃ | ካርዱ ይቀራል | በስክሪን ካዩት |
| ስላክ፣ ቲምስ | ከተከፈለ ጥሩ | መካከለኛ | ይቆማል | በሰው፣ በወር፣ በዶላር | ከተከፈለ ሁሉም ይቀራል | ይከብዳቸዋል |

ለማን የቱ?

ሁላችሁም አንድ ቤት ውስጥ የምትውሉ ከ8 ሰው በታች ከሆናችሁ ሰሌዳው ይበቃችኋል። ልብስ ስፌት፣ ማተሚያ ቤት፣ ጋራዥ ከሆነ በቃ፣ ሌላ አትፈልጉ። ለዋጋና ለውል አንድ የጎግል ፋይል ጨምሩበት።

ግማሹ ሰው ሳይት፣ ግማሹ ቢሮ ከሆነ ቴሌግራም በቶፒክ፣ ሰሌዳ በቢሮ፣ ዋና ፋይል በጎግል። እኔ ለአብዛኛው የአገራችን ድርጅት የምመክረው ይህንን ነው። ወጪው ሰሌዳውና ማርከሩ ነው። ከስድስቱ መመዘኛ አምስቱን በደንብ ያልፋል፤ የሚቀረው ሠራተኛው ከደንበኛ ጋር በግል ቁጥር የሚጻጻፈው ነው። ለእሱ የድርጅቱን ሲም የያዘ አንድ ርካሽ ስልክ ግዙና ደንበኛ በዚያ ብቻ ይጻፍ።

ሶፍትዌር፣ ዲዛይን ወይም ጥናት የምትሠሩ እስከ 10 የምትሆኑ ወጣቶች ከሆናችሁ ትሬሎንና ጎግልን ያዙ። ከ10 ካለፋችሁና ገቢያችሁ በዶላር ከሆነ ስላክን ከፍላችሁ ተጠቀሙ፤ ያዋጣል። ገቢያችሁ በብር ከሆነ ግን ቆዩ።

ዋሽንግተን ያለ ሰው አብሯችሁ ከሠራ ሌላ ነገር ይጨመራል። ልዩነቱ በእነሱ በጋ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። እኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ብንል እነሱ ጋ በበጋ ጠዋት 9፣ በክረምት ጠዋት 8 ነው በፈረንጅ አቆጣጠር። ቀጠሮ ስትጽፉ ሁለቱንም ጻፉ። "9 ሰዓት" ብቻ የሚል ግብዣ የላክንለት ባልደረባችን ከምሳ በኋላ በኢትዮጵያ 9 ሰዓት ላይ በሩን አንኳኩቷል፤ ስብሰባው ግን በፈረንጅ 9 ማለትም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተጀምሮ አልቆ ነበር። የነፃው ዙም በ40 ደቂቃ፣ ጎግል ሚት ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ስትሆኑ በ60 ደቂቃ እንደሚቋረጥም አስቡ፤ ዋናውን ጉዳይ ወደ መጨረሻ አትግፉት።

የመረጣችሁትን ሰኞ ጠዋት ጀምሩ፤ በወር አጋማሽ ወይም በበዓል ዋዜማ አይሁን። ከዚያ በፊት ቁም ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ ከሰኞ በኋላ በድሮው ግሩፕ የተላከ ትዕዛዝ ትዕዛዝ አይደለም። የድሮውን ግሩፕ ግን አትሰርዙት። የግሩፑን ፈቃድ ከፍታችሁ አባላት መልእክት እንዳይልኩ አድርጉት። ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ አይቻልም። ከ3 ወር በኋላ አንድ ደንበኛ "እንዲህ ተባብለን ነበር" ብሎ ሲመጣ፣ መልሱ ያለው እዚያ ሊሆን ይችላል።